ዓርብ ምሳ በሐርጌሳ፦ ሥጋ ሳይበሉ አብስሎ የመብላትና የማካፈል መመሪያ

ሐርጌሳ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓርብ ምሳ መጋበዝዎ አይቀርም። ዓርብ የከተማዋ የዕረፍት ቀን ነው። ከጁምዓ ሶላት መልስ ቤተሰቡ አንድ ትልቅ ትሪ ይከብባል፤ ትሪው ላይ ሩዝ ይከመራል፤ በሩዙ አናት ላይ የፍየል ወይም የግመል ሥጋ ይቀመጣል። እርስዎ ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ከሚጾሙት ወገን ከሆኑ ጣጣው የሚጀምረው እዚሁ ትሪ ላይ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ግብዣ ያበላሸሁት በአንድ ቃል ነው። ከመንገድ የለቃቀምኩትን ሶማሊኛ ይዤ «ዋን ሶመናሃይ» አልኩ፤ ጾመኛ ነኝ ማለቴ ነበር። የቤቱ እመቤት ይቅርታ ጠየቁኝና ፊቴ የተቀመጠውን የውሃ ብርጭቆ ሳይቀር አነሡ። ለሶማሌ «ሶን» ማለት ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እህል ውሃ አለመቅመስ ነው። የኛ ጾም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተከልክሎ ምስርና ጎመን መብላት መሆኑን ማን ነገራቸው? ሙዙና ሎሚው ከፊቴ ሲያልፍ እያየሁ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ እንደ ጥሩ ጾመኛ ተቀምጬ ዋልኩ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከድስት በፊት ከምላስ ይጀምራል።

መጀመሪያ፦ የማይበሉትን በስሙ ይጥሩ

ጾመኛ ነኝ አይበሉ። «ሂሊብ ማ ዑኖ» ይበሉ፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። «ዑ» ከጉሮሮ ትወጣለች፤ ካቃተዎት ግድ የለም፣ ይረዱዎታል። ነገር ግን በዚህ ብቻ አይቁሙ። በብዙ ሰው አነጋገር «ሂሊብ» የበግ፣ የፍየል፣ የከብትና የግመል ሥጋ ነው፤ ዶሮ «ዲጋግ»፣ ዓሣ «ከሉን» በየስማቸው ይጠራሉ። ሥጋ አልበላም ብለው የተጠበሰ ዶሮ ቢቀርብልዎ ማንም አላታለለዎትም። የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ስሙን አሟልተው ይጥሩ። ከወደቧ ከተማ ከበርበራ የሚመጣውን ዓሣ በተመለከተ እኔ አልፈርድም፤ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ከዚያ ተደብቀው የሚገቡትን ሦስቱን ይወቁ። አንደኛው መረቅ ነው። ቃሉ በሶማሊኛም «መረቅ» ነው፣ ስለዚህ አይረሱትም። የግብዣ ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚበስለው ሥጋው በተቀቀለበት መረቅ ነው፤ ሥጋውን ወደ ጎን ገፍተው ሩዙን ቢበሉ ጾምዎን ጠበቁ ማለት አይደለም። ሁለተኛው «ሱባግ» ነው፤ የነጠረ ቅቤ። ባቄላ ላይ፣ እንጀራ በሚመስለው ላሆህ ላይ፣ ሐልዋ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባል። ሦስተኛው «ዓኖ»፣ ወተት ነው። ሻይ ሲያዝዙ ዝም ካሉ ወተት ያለበት ሊመጣ ይችላል፤ «ሻህ ቢጌይስ» ቢሉ ጥቁሩ ይመጣልዎታል።

አራተኛም አለ፣ እሱ ግን ቃል የለውም፤ የመጥበሻ ዘይት ነው። ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር የሚጠበሰው ባጂዬ ከአደንጓሬ ሊጥ የሚሠራ፣ ቢስባስ ከሚባለው የቃሪያ ማባያ ጋር የሚበላ ግሩም የጾም ምግብ ነው። ግን በዚያው ዘይት የሥጋ ሳምቡሳ ሲጠበስ ካዩ ይለፉት፤ ወይም ማልደው ይሂዱና ዘይቱ ገና አዲስ ሳለ ይግዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለምን ሥጋ እንደማይበሉ ሲጠየቁ ስብከት አይጀምሩ። ይህ አገር ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል ማለት ነው። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ላስ ጌል፣ ትርጉሙም የግመሎች ውሃ ማጠጫ እንደ ማለት ነው፣ አንገታቸው ያጌጠ ላሞች ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዓለት ላይ ተሥለው ዛሬም ቀለማቸው አልለቀቀም። በበርበራ ወደብ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚጫነው በግና ፍየል የብዙ ቤት ኑሮ ነው። «ሃይማኖቴ ነው» ካሉ ይበቃል፤ ሃይማኖትን በዚህ ከተማ የማያከብር የለም።

እንዲያውም ብዙ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን እዚህ ሲደርስ ሳያስበው ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ከመብላት ይከለከላል። አገር ቤት የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው፤ ልማዱን ይዞ የመጣ ሰው እዚህ የሚገዛው ሥጋ የለውም። መጀመሪያ ቅጣት ይመስላል። ግን በአንድ በኩል ትልቅ በር ይከፍታል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አስቤዛ፦ ከአገር ቤት የሚመጣና የማይመጣ

ሻንጣውን በክክና በምስር ሞልቶ የሚመጣ ሰው አይቻለሁ። ድካም ነው። ቀይ ሽንኩርትና ድንችን የመሰለው አትክልት ራሱ ከኢትዮጵያ በጅግጅጋ አድርጎ፣ በቶጎ ውጫሌ ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ይገባል፤ ከድንበሩ እስከ ከተማው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምስር እዚህም «ሚሲር» ነው። ባቄላ «ፉል»፣ ትንንሿ ቀይ ባቄላ «ዲጊር»፣ ሽንኩርት «ባሰል»፣ ነጭ ሽንኩርት «ቶን»፣ ዝንጅብል «ሰንጀቢል»፣ አብሽ «ሑልባድ»። ሩዝ፣ ፓስታና የስንዴ ዱቄት በበርበራ ወደብ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ማሽላና በቆሎ፣ ከዚያም ፍራፍሬው፣ በስተምዕራብ ከገቢሌይና ከአረብሲዮ እርሻዎች ነው።

ከቤት ማምጣት ያለብዎ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና እናትዎ ያዘጋጁት መከለሻ። እነዚህን የሚተካ እዚህ የለም። ሌላውን ሁሉ ይተዉት።

ገበያ ሲወጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት የሰሊጥ ዘይት ይሁን። «ሰሊድ መዕሰሮ» ይባላል። መዕሰሮ መጭመቂያው ነው፤ በባህሉ ግመል አይኗ ተሸፍኖ እየዞረች የምታንቀሳቅሰው የእንጨት ወፍጮ። ዘይቱ ጠቆር ያለ፣ ሽታው የተቆላ ሰሊጥን የሚያስታውስ ነው። ለጾመኛ ይህ ዘይት የቅቤን ቦታ ይይዛል፤ አገር ቤት ሳለሁ ሽሮዬ ላይ የኑግ ዘይት ጠብ አደርግ ነበር፣ አሁን ግን በዚህ ቀይሬዋለሁ፣ ወደ ኋላም አልመለስም። ከመግዛትዎ በፊት ጣትዎ ላይ ጠብ አድርገው ይቅመሱ። የሚመር ከሆነ ቆይቷል።

ዋናው ገበያ ዋሄን መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊቱን በእሳት ከወደመ በኋላ ነጋዴው በየሠፈሩ ተበትኖ ነበር፤ ስለዚህ የቅመም ደንበኛ አንዴ ካገኙ ስልኩን ይያዙ። ክፍያው በስልክ ነው። ቴሌሶም በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የጀመረው ዛድ ዛሬ ጉሊት እስከምትቸረችረው ሴት ድረስ ወርዷል፤ የሶማሌላንድ ሽልንግ በእስር ተሸክሞ መሄድ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ሐዋሽን ደግሞ ተፈጭቶ አይግዙ። ሐዋሽ የሶማሌ ቤት መከለሻ ነው፤ ቤትዎ ይሥሩት። ግማሽ ኩባያ ከሙን፣ ግማሽ ኩባያ የድንብላል ፍሬ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሄል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ በደረቅ መጥበሻ በዝግታ ያምሱ። ሽታው ክፍሉን ሲሞላ ያውርዱ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ይመርራል። ሲቀዘቅዝ ይውቀጡና ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርድ ይጨምሩ። እርዱ አይታመስም።

እሳቱ፣ ውሃውና ሊጡ

አዲስ አበባ 2,300 ሜትርን ትዘልላለች፤ ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ ድስት ውስጥ ይታያል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን እዚህ ከ95 ያልፋል። ስለዚህ ክክዎ አገር ቤት ከለመዱት ሰዓት ቀድሞ ይፈርሳል። ቶሎ ቶሎ ይቅመሱ። ምስሩ ፍሬው ሳይፈርስ እንዲቀር የፈለጉበት ቀን በተለይ ከምድጃው አይራቁ።

ሊጡ ደግሞ ይብሳል። እኔ አዲስ አበባ እንደለመድኩት ጤፉን አቡክቼ ሦስት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ጠላ የተጠመቀ ነበር የሚመስለው፤ መጠጥ በሕግ በተከለከለበት አገር ጎረቤት እንዳይሸተው ብዬ መስኮት ዘጋሁ። በሞቃቱ ወራት ሁለት ቀን ይበቃል፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ተኩል። ሊጡ ላይ የቋጠረውን ውሃ ይድፉ፣ አብሲቱን ይጣሉ፣ ኩፍ እንዳለ ይጋግሩ። ጤፍ ሲወደድብዎ የገቢሌይን ማሽላ እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። የሐረርጌ ሰው ይህን ከእኔ የተሻለ ያውቃል፣ የማሽላ እንጀራ ላይ ነው ያደገው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ይተዉት ባይ ነኝ። መብራት እዚህ የግል ድርጅቶች ሥራ ነው፣ ሒሳቡም ውድ ነው። ከሰል ወይም ጋዝ ላይ በትንሽ ምጣድ ይጋግሩ፤ እንጀራዎ የቄስ ኮፍያ ያህል ቢወጣ ማን ይስቅብዎታል?

ይህም ካቃተ ላሆህ አለ። ላሆህ የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው፤ እርሾ አለው፣ ዓይን አለው፣ በአንድ ወገኑ ብቻ ይበስላል። ከስንዴ ዱቄት፣ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ትኩሱን ሲሸጡ ያገኛሉ። «መለወሕ» ከሚባለው ጋር ግን አያምታቱት፤ መልኩ ቢመስልም መለወሕ እንቁላልና ወተት አለበት። ላሆህ ላይ «ሱባግ ማያ» ይበሉ፣ ቅቤ አይሁን ማለትዎ ነው፤ የሰሊጥ ዘይት ያስፈስሱበት።

ውሃ በብዙ ሠፈር በቦቴ እየተገዛ በርሜል ይሞላል። ለአትክልት ማጠቢያ የተጠቀሙበትን አይድፉት፣ ለወለል ይሆናል። ውሃው ጨው ጨው ካለ ባቄላ በቶሎ አይለሰልስም፤ ሲዘፈዝፉት የቢካርቦኔት ቁንጣሪ ይጨምሩ፣ ጨውን ደግሞ መጨረሻ ላይ።

ዓምቡሎ፦ ስኳር ያለበት ንፍሮ

ሶማሌ ሥጋ ብቻ ነው የሚበላው የሚል ሰው እራት ሰዓት ላይ የሶማሌ ቤት አልገባም። እራቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ዋናውም ዓምቡሎ ነው። ቅቤው በሰሊጥ ዘይት ሲተካ ሌላ አንድም ነገር ሳይነካ የጾም ምግብ ይሆናል።

ሁለት ኩባያ ዲጊር ለቅመው፣ አጥበው ሌሊቱን ይዘፍዝፉ። ጠዋት ውሃውን ደፍተው በሰባት ኩባያ አዲስ ውሃ ይጣዱ። አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ዝቅ ያድርጉና ይክደኑ፤ ከሰል ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የአበሻ እጅ ያስቸግራል፤ ያማስላል። አያማስሉ። ፍሬው ሳይፈርስ ውስጡ እንደ ቅቤ መለስለስ አለበት፤ አንዱን አውጥተው በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ድምፅ ከተጨፈለቀ በስሏል። ውሃው ሊያልቅ ሲቃረብ ጨው ይጨምሩ። አውጥተው ሳህን ላይ ሩብ ኩባያ የሰሊጥ ዘይት ያፍስሱበት፣ ከዚያ ስኳር ይነስንሱ።

ስኳሩ ላይ ፊትዎን አያጨማድዱ። እኔም አጨማድጄ ነበር። ባቄላ በስኳር ማለት ለኛ ቡና በጨው ለማያውቅ ሰው እንደሚሆነው ነው፤ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ግን ነገሩ ይገባል፣ የሰሊጡ ጣዕምና የስኳሩ ጣፋጭነት ይታረቃሉ። ካልሆነልዎ በቢስባስ ይብሉት። ቢስባስ ማለት ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል ቅጠል፣ ሎሚና ጨው አብሮ ተወቅጦ ነው፤ ዳታ የሚያውቅ ሰው ይለየዋል።

ሩዙን ያለ መረቅ ማጣፈጥ

ሩዝ በመረቅ የሚበስለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጣዕሙ ከዚያ ነው። መረቁን አውጥተው ምትክ ካላስገቡ የሚቀርብልዎ የሆስፒታል ሩዝ ነው። ምትኩ የሽምብራ መቀቀያ ውሃ ነው። ሽምብራውን ለሌላ ቀን ወጥ ቀቅለው ውሃውን አይድፉት፤ ወፍራም፣ ወርቃማ፣ አፍ የሚሞላ ነው።

ሁለት ኩባያ ረዥሙን ሩዝ ሠላሳ ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ሁለት ሽንኩርት በዘይት ቡናማ እስኪሆን ያቁላሉ፤ ቢጫ ላይ ካቆሙ ጣዕም የለም። ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ አራት አምስት ፍሬ ሄል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሐዋሽ፣ ሁለት የተከተፈ ቲማቲም ያስከትሉ። ቲማቲሙ ዘይቱን ሲለቅ ድንችና ካሮት ይጨምሩ፣ ከዚያ ሦስት ኩባያ የፈላ የሽምብራ ውሃ፣ ጨው፣ በመጨረሻ ሩዙ። ሲፈላ እሳቱን ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርደው ይክደኑና ሃያ ደቂቃ አይክፈቱት። አውርደውም አሥር ደቂቃ ይተዉት። ዘቢብ ይነስንሱበት። ሙዝ በጎን ያቅርቡ፤ ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ በአንድ ጉርሻ ይገባል። ይህን ያልሞከረ ሰው ሐርጌሳ በላሁ አይበል።

ሳምቡሳ በምስር፦ ለረመዳን የሚወሰድ

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በዚያው ሳምንት ተከተለ። በ2018ም ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገብቶ ረመዳን በቀናት ልዩነት ደረሰ። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ሲገጣጠሙ ኢትዮጵያዊው ሐርጌሳ ውስጥ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ነው። ቀን ቀን መንገድ ላይ ወይም መሥሪያ ቤት ምንም አይቅመሱ፣ ውሃም ቢሆን፤ ማታ ደግሞ ለማፍጠሪያ ሳህን ይዘው ጎረቤት ይሂዱ።

ሳህኑ ላይ የሚሆነው የምስር ሳምቡሳ ነው። ሶማሌ በሥጋ ይሠራዋል፣ እኛ በምስር። ቅርጹን ያውቁታል፣ ውስጡ ነው አዲስ የሚሆንባቸው።

ሦስት ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር ያዋሕዱ፤ አንድ ኩባያ ያህል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ጠንከር ያለ ሊጥ ያቡኩ። ሸፍነው ሠላሳ ደቂቃ ያሳርፉት። እስከዚያ ሁለት ኩባያ ድፍን ምስር ይቀቅሉ። ከፈላ ከሃያ ደቂቃ ጀምሮ ይቅመሱ፤ ፍሬው መብሰል አለበት፣ መፍረስ ግን የለበትም። በወንፊት አጥልለው ትሪ ላይ ያስጡት። እርጥብ ምስር የሳምቡሳ ጠላት ነው፤ ሊጡን ያለሰልሳል፣ ዘይት ውስጥም ይፈነዳል። ሲደርቅ ደቅቆ የተከተፈ ሁለት ሽንኩርት፣ ሦስት ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሐዋሽና ጨው ይቀላቅሉ። ሽንኩርቱን ጥሬውን ያስገቡ፤ መጥበሻው ያበስለዋል።

ቂጣውን እንደ ሶማሌ ሴቶች ይሥሩ። ሊጡን በዕንቁላል ልክ ይከፋፍሉ። አራቱን በትንሹ ዳምጠው በያንዳንዱ መካከል ዘይት ቀብተው ዱቄት ነስንሰው ይደራርቡ፤ ከዚያ አንድ ላይ እስኪሳሳ ይዳምጡ። ትኩስ ምጣድ ላይ በየወገኑ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳይተው ያንሡና አራቱን ንብርብር ይላቅቁ። ወረቀት የመሰለ አራት ቂጣ ያገኛሉ። ከሁለት ቆርጠው እያንዳንዱን እንደ ቀንድ ጠቅልለው ምስሩን ይሙሉ፤ ጠርዙን በዱቄትና በውሃ ሙጫ ያሽጉ። በመካከለኛ እሳት ይጥበሱ። ሠላሳ ገደማ ይወጣል። ዘይቱ አዲስ መሆኑን ለጎረቤትዎ ይንገሩ።

እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ እመለስበታለሁ ያልኩትን በር የማነሣው። ጎረቤትዎ እርስዎ ያረዱትን ወይም ያሳረዱትን አይበሉም፤ እርስዎም የነሱን። ምስር ግን አይታረድም። ሥጋ ገብቶበት የማያውቅ ድስት ካለዎት፣ ወይንና ጠጅም ካልነካው፣ ማንም ሳይጠራጠር ይበላልዎታል። አንዱን ድስት ለዚህ ብቻ ይለዩ፤ መለየትዎንም ይናገሩ።

አሠራሩን ሲያካፍሉ

ኤዶ የምላቸው ጎረቤቴ፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው፣ ሽሮ ቀምሰው መጀመሪያ ያሉት «ሂሊብኪ ሜ?» ነበር፤ ሥጋውስ የታለ? ቀጥለው አሠራሩን አሳዪኝ አሉ። ምድጃው አጠገብ ቆምን። የደቀቀውን ሽንኩርት ደረቅ ድስት ውስጥ ሳስገባ ዘይቱን አንሥተው ሊያፈስሱ ነበር። «ሱግ!» አልኳቸው፣ ቆይ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ አይተው አያውቁም። እያማሰልኩ፣ ሊያርር ሲል ጠብታ ውሃ እያልኩ ሩብ ሰዓት ስቆም «አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ልታቃጥዪው ነው» እያሉ አማረሩ። መልኩ ሲቀየርና ሽታው ሲወጣ ዝም አሉ።

ጣጣው የመጣው መጠኑን ሲጠይቁኝ ነው። «በርበሬው ስንት ነው?» «እንደ መጠኑ።» እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩኝ፤ የማን መጠን? እኔም እንደ እናቴ በእጄ ነው የምሠራው። ያን ቀን መጀመሪያ እጄ ላይ ካደረግሁት በኋላ በማንኪያ ለካሁት፤ ከዚያ ወዲህ ለሰው የምሰጠው ሁሉ በሻይ ብርጭቆና በማንኪያ ነው። እንዲህ ወጣ፦ ሦስት ሽንኩርት፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አራት ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ ሽሮ። ውሃው ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሱ ያማስሉ፣ ሩብ ሰዓት ያንተክትኩ። በርበሬው ለኛ ቤት ሁለት ማንኪያ ነው፤ ለሶማሌ ጎረቤት በአንድ ይጀምሩ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በስጦታ የሚሰጡትን አሠራር አንዴ እየለኩ ሠርተው ያረጋግጡ። በጽሑፍ ከሚሰጡ በስልክ ድምፅ ይቅዱ፤ ከዚያም የተሻለው አጠገብ ቆሞ መሥራት ነው። በርበሬ እዚህ የሚተካው ስለሌለ ከአሠራሩ ጋር ጥቂት ቋጥረው ይስጡ፣ አለዚያ የሰጡት ወረቀት ነው። የተሰጠዎትን ሲያስተላልፉም ከማን እንደተማሩት ይናገሩ።

ከመርሳቴ በፊት ሁለት የጤና ነገር። ምስርና ባቄላ ሲበሉ ሎሚ ይጭመቁበት፤ በውስጡ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ይረዳል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፤ ሐርጌሳ ውስጥ ይህ ከጾሙ በላይ የሚከብድ ትእዛዝ ነው። ወተትና እንቁላልም ጭምር ዓመቱን ሙሉ የተዉ ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝምና ፋርማሲ ጠይቀው ይውሰዱ።

ሳምቡሳ የላኩበት ሳህን ዓምቡሎ ተሞልቶ ይመለስልዎታል። ሱባግ እንዳለበት ጠይቀው ይብሉ፤ ካለበት ለጎረቤት ልጆች ይስጡ። ሳህኑን ግን ባዶውን አይመልሱ፤ ቤት ውስጥ ምንም ከሌለ ሁለት ሎሚ ይበቃል።